ለጎረቤቴ ነው የምጠይቀው

ዳቦ ጋጋሪዋ ሦስተኛ ልጇን ወልዳ ወደ ሥራ ከተመለሰች ወዲህ ከሁሉ የምትፈራው ማስነጠስን ነበር። ዳቦ ቤት እየሠሩ ማስነጠስን መሸሽ ደግሞ ወንዝ ገብቶ ውሃ አይንካኝ እንደማለት ነው። ጆንያ ሲፈታ፣ ዱቄት ሲነፋ፣ የማቡኪያው ማሽን ሲነሳ ብናኙ እንደ ጉም ተነስቶ አፍንጫ ይገባል። ያኔ የያዘችውን ሁሉ አስቀምጣ፣ እግሯን እንደ መቀስ አጣምራ፣ የጠረጴዛውን ጠርዝ ጭምድድ አድርጋ ትቆማለች። አንዳንዴ ይሳካላታል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን አይሳካላትም።

ሽንቷ ያመልጣት ነበር። ስትስቅ፣ ስታስል፣ ደረጃ ስትወርድ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከባድ ነገር ስታነሳ። ልጁ ትልቅ ሆኖ ነው የተወለደው፤ ምጡም ጠንቶባት ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት "የአራስ ነገር ነው፣ ያልፋል" ብላ ራሷን አጽናናች። ወር ወርን ሲወልድ ግን ማጽናኛውም አለቀ። ጥቁር ቀሚስ ብቻ መልበስ ጀመረች። ውሃ መጠጣት ተወች። ከቤት ስትወጣ በመጀመሪያ የምታስበው በምትሄድበት ቦታ መጸዳጃ ቤቱ የት እንደሆነ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት፣ ድብልብል ሊጥ የተደረደረበትን ትሪ ወደ ምድጃው የላይኛው መደብ ልታነሳ ስትል፣ እንደ ወትሮው ጠብ ጠብ ሳይሆን ሁሉም በአንዴ ለቀቃት። ሙቀቱ በእግሯ ወርዶ ጫማዋ ውስጥ ሲገባ ተሰማት። ምድጃውን የሚቆጣጠረው ሰውዬ ከኋላዋ ቆሟል። ትሪውን እንደምንም አስቀመጠችና ሊጥ የሚረጩበትን የውሃ ጆግ በክርኗ መታ አድርጋ ራሷ ላይ ደፋችው። ከሽርጧ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ራሰች። የሥራ ባልደረቦቿ ሳቁ፤ ምድጃ ተቆጣጣሪውም ገላሽን ቤትሽ መታጠብ አቃተሽ እንዴ ብሎ ቀለደባት። እሷም አብራ ሳቀች። ከዚያ ዱቄት መጋዘን ገብታ በሩን ገርበብ አደረገችና በጆንያዎቹ መሀል ቆማ አለቀሰች።

ቤቷም ከዳቦ ቤቱ አይሻልም ነበር። ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ለቀናት ሄዶ ይመለሳል። ሲመለስ ጀርባዋን ትሰጠዋለች። መጀመሪያ ደክሟት ነው አለ፤ ቀጥሎ አኩርፋ ነው አለ፤ በመጨረሻ ምንም አላለም። ፍራሹን አንጥፎ ሳሎን መተኛት ጀመረ። ሕፃኑ እንቅልፍ ስለሚነሳው ነው ተባለ። ሕፃኑ ግን ደህና ይተኛ ነበር። ሁለቱም ያውቃሉ፤ ሁለቱም ሆድ ይፍጀው ብለው ዝም አሉ።

ሕፃኑን ልታስከትብ የሄደች ቀን ነው ነገሩ መንገድ ያገኘው። ነርሷ ተራ የሚጠብቁትን እናቶች ከወሊድ ወዲህ ሽንት የሚያመልጣት ካለች እንድትነግራት ጠየቀች። አግዳሚ ወንበሩን የሞላው እናት ሁሉ መሬት መሬቱን አየ። ነርሷም ይህን የለመደች ትመስላለች፤ ሥራዋን ቀጠለች። ጋጋሪዋ ልጇን አስከትባ ስትወጣ ግን እስከ በሩ ተከተለቻትና፣ ከሆስፒታሉ ጀርባ ባለው ሕንፃ ይህንኑ ብቻ የምታክም ፊዚዮቴራፒስት እንዳለች በጆሮዋ ነገረቻት። ጋጋሪዋ ተገረመች። ፊዚዮቴራፒ ሲባል እግሩ የተሰበረና ወገቡ የተቀጨ ሰው የሚሄድበት ነበር የሚመስላት። ለዚህ ነገር ሐኪም አለው ብላ አስባ አታውቅም።

ሕፃኑን ማን ይያዝላት? ከእናቷ በቀር ሰው አልነበራትም። እናቷን መለመን ደግሞ የማትወደው ነገር ነው።

እናትዮዋን የሰፈር ሰው "ጥድፊያ" ብሎ ነው የሚጠራት። የትም ቦታ ስትሄድ ከበሩ አጠገብ ትቀመጣለች፤ ወንበሩ ሳይሞቅ ትነሳለች። ልጇ ቤት አንድም ቀን አድራ አታውቅም። ልጇ ስትወልድ እንኳ የሌሎች እናቶች ሳምንታት ተቀምጠው ሲያርሱ፣ እሷ መጥታ ሕፃኑን ስማ፣ ዕቃውን አጣጥባ፣ ልብሱን አጥባ በጊዜ ትሄዳለች። ከሁሉ የባሰው የልጇ ሰርግ ቀን ነው። ሙሽሪት ዞር ብላ እናቷን ብትፈልግ የለችም። ወንበሯ ላይ የተቀመጠው የአክስቷ ቦርሳ ነበር። ሰዉ ኩሩ ናት አለ። ልጅቱም ያንን ቀን በአንጀቷ ቋጥራ ያዘችው።

እናትዮዋ ግን ስትለመን እምቢ አላለችም። ሕክምናው የምን እንደሆነ አልጠየቀችም፤ ልጅቱም አልተናገረችም።

ክፍሉ ጠባብ ነው። የምርመራ አልጋ፣ በዘንግ ላይ የሚሳብ መጋረጃ፣ ጥግ ላይ ትልቅ የላስቲክ ኳስ፣ ጠረጴዛው ላይ በፕላስቲክ የተሠራ የዳሌ አጥንት። ፊዚዮቴራፒስቷ ረጅም፣ ፀጉሯ ወደ ሽበት ያደላ፣ ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ ሴት ናት። ጋጋሪዋ ገና ሳትቀመጥ ቀሚሷን ማውለቅ ያለባት መስሏት ወደ አልጋው አመራች። ሴትዮዋ ወንበር ሳበችላት።

"ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ የምናወራ ነው" አለቻት። "ከዚያ ከፈቀድሽ አይሻለሁ። ካልፈቀድሽ ሌላ ቀን ይሆናል፤ ወይም ጭራሽ ይቀራል። ፈቅደሽም መሀል ላይ ይበቃኛል ካልሽ ወዲያው አቆማለሁ፤ ለምን ብዬም አልጠይቅሽም።"

ከዚያ ጠየቀቻት። በቀን ስንቴ እንደምትሸና፣ ምን ያህል ውሃ እንደምትጠጣ፣ ሆድ ድርቀት እንዳለባት፣ ልጆቿን እንዴት እንደወለደች፣ ሥራዋ ላይ ምን እንደምታነሳ። ውሃ መጠጣት እንደተወች ስትሰማ፣ ይህ ብልሃት ጠላት መሆኑን ነገረቻት፤ የወፈረ ሽንት ፊኛን ይቆጠቁጠዋል፣ የተቆጠቆጠ ፊኛ ደግሞ ትንሽም ቢይዝ አውጡኝ ይላል። ከባሏ ጋር ሲሆኑ ያማት እንደሆነም ጠየቀቻት። ጋጋሪዋ ይህን ሰው ጠይቋት አያውቅም። የሴትዮዋን ፊት አየች። የጉልበት ሕመም የምትጠይቅ ያህል ነበር የተረጋጋችው። "ያመኛል፤ ደግሞም እፈራለሁ" ብላ መለሰች፤ ቀላል ሆኖ ስላገኘችው ራሷ ደነገጠች።

ምርመራውንም ፈቀደች። ሴትዮዋ መጋረጃውን ስባ እስክታወልቅ ውጭ ቆየች። ጋጋሪዋ ከወገቧ በታች አንሶላ ለብሳ፣ ጉልበቷን አጥፋ ተኛች። ፊዚዮቴራፒስቷ ጓንት አድርጋ፣ ከመንካቷ በፊት ምን ልትነካ እንደሆነ እየተናገረች፣ በአንድ ጣት ከውስጥ መረመረቻት። ደስ አይልም፤ ግን አላመማትም። ሽንትና አየር አብረው ሊያመልጧት ሲሉ እንደምትይዝ አድርጋ ወደ ውስጥና ወደ ላይ እንድትስብ ታዘዘች። ባላት ኃይል ሁሉ ሳበች።

"አሁን መቀመጫሽን ጨመደድሽ፤ ጭንሽንም ጨመደድሽ፤ ትንፋሽሽንም ያዝሽ" አለች ሴትዮዋ። "ጥርስሽንም ነክሰሻል። ጥርሱን ልቀቂው፣ እሱ ሥራ የለውም።"

ጋጋሪዋ ሳታስበው ፈገግ አለች። እንደገና ሞከረች። በሦስተኛው ሙከራ የሆነች ትንሽ ነገር፣ እንደ ዓይን ጥቅሻ ያለች፣ ውስጧ ብድግ ብላ ወረደች። ሴትዮዋ ያቺ ናት አለቻት።

ልብሷን ለብሳ ስትቀመጥ ፊዚዮቴራፒስቷ የፕላስቲኩን አጥንት አነሳችና ከሥሩ እንደ መረብ የተዘረጋውን ቀይ ጡንቻ አሳየቻት። ፊኛውንም፣ ማህፀኑንም፣ አንጀቱንም ከሥር ደግፎ የሚይዝ የዳሌ ወለል ነው አለች። ብዙ ዘመን የተኙበት ሽቦ አልጋ መሀሉ እንደሚጎደጉድ፣ ይህም በምጥና በሸክም ይጎደጉዳል። "ያንቺ ግን ደክሞ ብቻ አይደለም" አለቻት። "እንዳያመልጠኝ ብለሽ ቀን ሙሉ ጨምድደሽ ትውያለሽ። ቀኑን ሙሉ ቡጢ ጨብጦ የዋለ እጅ፣ ማታ ዕቃ ቢሰጡት ይጥለዋል። በመጀመሪያ መልቀቅ ትማሪያለሽ፤ መሳብ ከዚያ በኋላ ነው።"

ይህን ስትል በሩ ተንኳኳ። ሕፃኑ ርቦት ኮሪደሩን በጩኸት ሞልቶታል። እናትዮዋ ገብታ ልጁን ለእናቱ አቀበለችና ልትወጣ የበሩን እጀታ ያዘች። ፊዚዮቴራፒስቷ ንግግሯን አላቋረጠችም፤ ጡቷን እያጠባች ለምትሰማው ጋጋሪ፣ ከባድ ነገር ከማንሳቷ በፊት ጡንቻዋን ስባ፣ ስታነሳ ትንፋሿን እንድታወጣ፣ ለውጡም በሳምንት ሳይሆን በወራት የሚታይ እንደሆነ ነገረቻት። እናትዮዋ አልወጣችም። እጀታውን እንደያዘች የፕላስቲኩን አጥንት ታያለች።

"ይሄ ነገር" አለች በመጨረሻ፣ "ገና ለወለደች ብቻ ነው? ወይስ… ዕድሜ ለገፋም ይሆናል?"

ፊዚዮቴራፒስቷ ወደ እሷ ዞረች። "ለገፋም ይሆናል እናቴ። ጡንቻ ነው፤ ጡንቻ ደግሞ ዕድሜ አይመርጥም።"

"ለጎረቤቴ ነው የምጠይቀው።"

"ለጎረቤትዎ ይንገሯት እንግዲህ። ስትመጣ ማንም አይቆጣትም፤ ለምን ዘገየሽም አይላትም።"

እናትዮዋ ራሷን ነቅንቃ ወጣች። በአውቶቡስ ወደ ቤት ተመለሱ። ልጅቱ ቤት እስኪደርሱ የእናቷን እጆች ስታይ ነበር፤ በጭኗ ላይ ተቆላልፈው፣ ጣቶቹ ነጥተዋል።

ልምምዱ አሰልቺ ነው። በጀርባዋ ተኝታ ሆዷን በትንፋሽ እየሞላች ከታች መልቀቅ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ መሳብ፣ ትንሽ መያዝ፣ ሙሉ በሙሉ መልቀቅ። ትልቋ ልጇ እማዬ ምን ሆና ነው መሬት ላይ የምትተኛው እያለች ትጠይቃለች። ለውጥ ያየች ሲመስላት ጉንፋን ያዛትና በአንድ ሳል ሁሉም ወደነበረበት ተመለሰ። ቅስሟ ተሰበረ። በቀጠሮዋ ሄዳ ልትተወው እንደሆነ ተናገረች። ፊዚዮቴራፒስቷ ጉንፋን የያዘው ሰው ሩጫ ቢሸነፍ እግሩ ጠፋ አይባልም ብላ፣ በሳል ጊዜ ቀድሞ መሳብን አስተማረቻት። በዚያው ቀን ደግሞ፣ አልጋው ላይ ተኝታ እስከ መጨረሻው ስትለቅ፣ ምንም ሳያማት እንባዋ ፈሰሰ። ሴትዮዋ ምን ሆንሽ አላለቻትም። እጇን አንስታ ጠበቀቻት፤ ሲበቃት ቀጠሉ።

በእያንዳንዱ ቀጠሮ እናትዮዋ ኮሪደሩ ላይ ልጁን ይዛ ትጠብቃለች። ሲመለሱም ትጠይቃለች። ለጎረቤቴ ምን ልበላት? ጎረቤቴ ስትነሳ ነው ወይስ ስትቀመጥ የምትስበው? ጎረቤቴ ዛሬ አልሆነላትም። ልጅቱም ዓይኗን ሰብራ ለጎረቤትየዋ ትመልሳለች። እንዲህ ሳምንታት አለፉ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ኃይለኛ ዝናብ ጣለ። ልጅቱ የልጆቹን ልብስ እያጣጠፈች ነው። እናትዮዋ ነጠላዋን ተከናንባ ተነሳች። ልጅቱ ዝናቡ እስኪያባራ ቆዪ ብትላት፣ ብትለምናትም እምቢ አለች። ያኔ የቆየው ቂም ሳይታሰብ አፏን ቀደማት።

"ሰርጌንም እንዲሁ ጥለሽኝ ሄደሻል" አለች። "ዝናብ እንኳ አልነበረም ያን ቀን።"

እናትዮዋ በሩ ላይ ቆመች። ከዚያ ተመልሳ መጥታ፣ የታጠፉትን ልብሶች ገፋ አድርጋ ተቀመጠች።

"ሐምራዊ ቀሚስ ነበር የለበስኩት" አለች። "አባትሽ ነው ያሰፋልኝ። ልመርቅሽ ልነሳ ስል መጣብኝ። ወንበሩም ራሰ። የአክስትሽን ቦርሳ አስቀመጥኩበትና በጓሮ ወጣሁ።"

ልጅቱ የያዘችውን የሕፃን ሸሚዝ አላጠፈችውም፤ አላስቀመጠችውም።

እናትዮዋ ሌላውን አንገቷን ደፍታ ተናገረች። የመጀመሪያ ምጧ ሁለት ቀን ሙሉ ነበር። ከዚያ ወዲህ ደረቅ ሆና የዋለችበት ቀን የለም። ሰው ቤት የማታድረው የሰው አልጋ እንዳታበላሽ ነው። በር አጠገብ የምትቀመጠው ለመውጣት ነው። ሽታዬ ይሰማል ብላ ስለምትፈራ ሰው ሲጠጋት ትሸሻለች። ባሏንም ሸሸችው። ምክንያቱን አልነገረችውም። እሱም አንድ ቀን አልጋውን ወደ ሌላኛው ክፍል ወሰደ፤ ወደ እሷም ሳይመልሰው ሞተ።

"ጠላችኝ ብሎ ነው የሞተው" አለች። "ክፉ ሰው አልነበረም፤ አልጠየቀኝም። እኔም አልተናገርኩም።"

"ለእኔስ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ምን ብዬ? የመጀመሪያዋ ልጄ አንቺ ነሽ። አንቺን ስወልድ ነው የተጎዳሁት ልበልሽ? ይሄን ተሸክመሽ እንድታድጊ? ኩሩ ናት ብትይኝ ይሻላል ብዬ ነው።"

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ልጅቱ ተነስታ ከእናቷ አጠገብ ተቀመጠች፤ እናትዮዋ እንደ ልማዷ ሸሸት አለች። ልጅቱ ተጠጋች። ሁለተኛ አልሸሸችም።

በዚያው ሳምንት ባሏ ከመንገድ ሲመለስ ጋጋሪዋ ሁሉንም ነገረችው። ፊቱን እያየች መናገር ስላቃታት፣ መኪናው ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ መስታወቱን እያየች ነው የነገረችው። ጆጉን ራሷ ላይ የደፋችበትን ቀን ስትነግረው መሪውን በሁለት እጁ ያዘ። ሌላ ሰው ወደሽ መስሎኝ ነበር አላት ቆይቶ። ብዙም አላወሩ። ፍራሹ የተነሳውም በዚያው ዕለት አልነበረም፤ ሰው የተለማመደውን ዝምታ በአንድ ቀን አይተወውም። ግን ልምምዷን ስትሠራ ልጆቹን ወደ ውጭ ይዞ መውጣት ጀመረ፤ ቆየት ብሎም ፍራሹ ተጠቅልሎ ቁም ሣጥኑ ላይ ወጣ።

እናትዮዋም ሄደች። ልጅቱ ይዛት ስትገባ ፊዚዮቴራፒስቷ ስለ ጎረቤትየዋ አንድ ቃል አላነሳችም። ልክ እንደ ልጅቱ አወራቻት፣ ጠየቀቻት፣ አስፈቀደቻት። እናትዮዋ በመጀመሪያው ቀን አልፈቀደችም። በሁለተኛውም አልፈቀደችም። በሦስተኛው ልጄ እጄን ትያዘኝ ብላ ተኛች። ምርመራው ሲያልቅ ፊዚዮቴራፒስቷ እውነቱን ነገረቻት፤ ጡንቻው ደክሟል፣ ማህፀኑም ወርዷል። በልምምድ ብቻ አይመለስም። የማህፀን ሐኪም ዘንድ ላከቻት፤ እሱም ማህፀኑን ደግፎ የሚይዝ የላስቲክ ቀለበት አስገባላት፤ ልምምዱንም ቀጥዪ አላት።

ተሻላት። ሙሉ በሙሉ ግን አልዳነችም። አሁንም ሞዴስ ሳታደርግ ከቤት አትወጣም፤ ከባድ ሳል ሲይዛት አሁንም ያመልጣታል። ግን አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት ሳትነሳ መቀመጥ ቻለች። ልጇ ቤት ከሰዓት በኋላዋን ሙሉ ስትቆይ ልጆቹ አያቴ ዛሬ ምን ሆነች ተባባሉ።

ደስታዋ ግን ሰው እንደጠበቀው አልነበረም። ይልቁንም ከተሻላት ወዲህ ነው የከፋት። አንድ ቀን ፊዚዮቴራፒስቷን ይህ ሕክምና ከመቼ ጀምሮ እንዳለ ጠየቀቻት። ሴትዮዋ ብዙ ዘመን እንደሆነው፣ የሚናገረው ሰው ግን እንደሌለ ነገረቻት። እናትዮዋ ጫማዋን እያሰረች ነበር። እጇ ቆመ።

"እኔ ልጅ ሳለሁም ነበረ ማለት ነው?"

ፊዚዮቴራፒስቷ "ነበረ እናቴ" አለች።

የጋጋሪዋ የመጨረሻ ቀጠሮ ከእናቷ ቀጠሮ ጋር አንድ ቀን ዋለ። እሷ ጡንቻዋን እየሳበችና ትንፋሿን እያወጣች ትሪውን ማንሳት ከጀመረች ሰንብታለች፤ ማስነጠሱም እምብዛም አያስፈራትም። ፊዚዮቴራፒስቷ ካሁን በኋላ በራስሽ ትቀጥያለሽ፣ ሲያስቸግርሽ በሩ ክፍት ነው ብላ አሰናበተቻት። እናትና ልጅ በሆስፒታሉ አጥር ሥር ባለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አውቶቡስ መጠበቅ ጀመሩ። ፀሐይ ነበረች። አንዲት ሴት አጠገባቸው መጥታ ብትቀመጥ እናትዮዋ ቦታ ለቀቀችላት እንጂ አልተነሳችም።

ትንሽ ቆይታ፣ መንገዱን እያየች፣ "አባትሽን ነግሬው ቢሆን ኖሮ" አለች፣ "ምን የሚል ይመስልሻል?"

ልጅቱ አባቷን አሰበች። የማይናገር፣ የማይቆጣ፣ ማምሻውን ብቻውን ሬዲዮ የሚሰማ ሰው ነበር። ይረዳሽ ነበር ልትላት ፈለገች፤ እናቷን ደስ ለማሰኘት የምትለው ሆኖ ታያትና ተወችው።

"አላውቅም እማዬ።"

"እኔም አላውቅም" አለች እናትዮዋ። "የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። ሰውዬውን ስንት ዘመን አብሬው ኖሬ፣ ምን እንደሚል አላውቅም።"

አውቶቡሱ ከማዶ ሲታጠፍ ታየ። ልጅቱ ክንዷን ልትደግፍ እጇን ዘረጋች። እናትዮዋ እጇን ያዘችና፣ ሳትቸኩል፣ ትንፋሿን እያወጣች ተነሳች።